ብርድ የሚሹ እንቁላሎች

የባሏ አባት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ልጃቸው ቤት የገቡ ዕለት ካውያ ሥራ አልገባችም ነበር። ካውያ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። በአንድ ላውንድሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ስለሆነች ባልደረቦቿ ለቀልድ ያወጡላት ነው፤ ባሏም ሰምቶ ወደደውና እቤትም ያው ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው ያመጡት ዕቃ ብዙ አይደለም፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ሻንጣ፣ በገመድ የታሰረ አንድ ካርቶን። ካውያ ካርቶኑን ስታነሳው ባዶ እስኪመስላት ቀለላት። ፈታ ብታየው ጭራሮ ነው።

«አባባ፣ እኛ ቤት እኮ በእንጨት አናበስልም» አለች እየሳቀች።

«እንዳትነኪው!» አሉ ሽማግሌው። ወዲያው ጩኸታቸው እሳቸውኑ አሳፈራቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማገዶ አይደለም ልጄ። ነይ ላሳይሽ።»

ከጭራሮው አንዱን መዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ቅርንጫፉ ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ የደረቀ የሳሙና አረፋ የመሰለ ቡናማ ነገር ተጣብቋል። የጸሎተኛ ፌንጣ እንቁላል ቤት ነው አሉ፤ ያቺ የፊት እጆቿን አጥፋ እንደሚጸልይ ሰው የምትቆመው፣ አንገቷን አዙራ ሰው የምታየው። እናቲቱ ብርድ ሳይገባ እንቁላሏን ትጥልና ትሞታለች። እንቁላሎቹ አረፋው ውስጥ እንደተኙ የብርዱን ወራት ያሳልፉና ሙቀት ሲመጣ ይፈለፈላሉ።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በችግኝ ጣቢያ ነው። ሚስታቸውም እዚያው ትሠራ ነበር። የተባይ መርዝ መርጫውን በጀርባዋ አዝላ በየጽጌረዳው መደብ ስትዞር ኖራ፣ ደረቷን ታመመችና ልጆቿን ሳትድር ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው መርጫ በእጃቸው አልነኩም። ከአለቆቻቸው ጋር ተጨቃጭቀው በየቁጥቋጦው ጸሎተኛ ፌንጣ ያረቡ ጀመር። «ተባዩን ሁሉ አይጨርሱትም» ይሉ ነበር። «ጠላትና ወዳጅም አይለዩም፤ ንቡንም ይበሉታል። ግን ሰው አይገድሉም።» በኋላ ጣቢያው ተዘግቶ መሬቱ ለመጋዘን ሲቆፈር ሄዱና፣ ከተነቀሉት ጽጌረዳዎች እንቁላል ቤት ያለበትን ቅርንጫፍ እየመረጡ ቆርጠው ወሰዱ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

መጀመሪያ በሽንኩርት መያዣ መረብ ከተው በረንዳው ላይ ሰቀሏቸው። ወፎቹ ግን አላስቀመጧቸውም። አንድ ጠዋት ሽማግሌው ብቅ ቢሉ መረቡ ተዘንጥሏል፤ ሁለቱ እንቁላል ቤቶች በምንቃር ተቦርቡረው ፍርፋሪያቸው ወለሉ ላይ ተበትኗል።

የዚያን ዕለት ካውያ ከሥራ የተመለሰችው ደም ፍላቷ መጥቶ ነበር። የእንፋሎት መተኮሻው ተበላሽቶ፣ የደንበኛ ሱሪ ተቃጥሎ፣ የላውንድሪ ቤቱ ባለቤት በሰው ፊት ሲጮህባት ውሏል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሽማግሌው ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፈው ወጥ ቤት በር ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።»

«ምን ነበር አባባ?»

«ከማቀዝቀዣው የታችኛው መሳቢያ ትንሽ ቦታ ብትሰጪኝ ብዬ ነው። በማርማላታ ጠርሙስ አድርጌ፣ ክዳኑን በስቼ አስቀምጣቸዋለሁ። አይሸቱ፣ አይንቀሳቀሱ። አልፎ አልፎ እርጥብ ጨርቅ ካገኙ ሌላ አይፈልጉም። ቤት ውስጥ ከሞቃቸው ብርዱ ያለፈ መስሏቸው ይወጣሉ። ያን ጊዜ የሚበላ የለ፤ እርስ በርስ ይበላላሉ።»

«አባባ፣ ማቀዝቀዣው እኮ የምግብ ነው። ትል ከምንበላው ጋር ላስቀምጥ?»

«ትል አይደሉም፣ እነሱ…»

«አይሆንም አልኩ እኮ!»

ሽማግሌው ካርቶኑን አየት አደረጉት። «እሺ ልጄ» አሉ። «እሺ፣ ግድ የለም።»

በማግሥቱ ካውያ ቆሻሻ ልትደፋ ስትወርድ ካርቶኑን ተጣጥፎ ገንዳው ውስጥ አየችው። ጣሏቸው ማለት ነው ብላ አሰበች። ቅር አላት፤ ደግሞ ተገላገልኩም አለች። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው የፌንጣ ነገር አላነሱም።

ብርዱ ጠና። ጠዋት ጠዋት የመንገዱ ዳር ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ይቆማል። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ የምትውለው ካውያ ብርድ ነፍሷ ነው የሚጠላው። እቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትነካው የማሞቂያውን ቁልፍ ነው። በዚያ ሰሞን ግን በገባች ቁጥር ከሽማግሌው ክፍል በር ሥር እግር የሚቆርጥ ብርድ ይወጣ ጀመር። በሩን ብትከፍት ማሞቂያው ጠፍቷል፣ መስኮቱ ወለል ብሏል፤ ሽማግሌው ካፖርትና ኮፍያቸውን እንዳደረጉ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«አባባ! ምን ነካዎት? ራስዎን ሊገሉ ነው እንዴ?»

«አየር ያንሰኛል ልጄ።»

ዘጋችው። ወጥ ቤት ደርሳ ስትመለስ ተከፍቷል። ደግማ ዘጋችው። እንዲህ እሷ ስትዘጋ እሳቸው ሲከፍቱ ሰነበቱ። መጀመሪያ ላይ ያስቃት ነበር፤ «እኔና እርስዎ የሆነ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ብንቀጠር ያልፍልን ነበር» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ከኮፍያቸው ሥር ፈገግ ይላሉ። ቀኑ በገፋ ቁጥር ግን ሳቁ አለቀ። ሆን ብለው ነገር የሚፈልጓት መሰላት። ማቀዝቀዣውን ስለከለከልኳቸው ቂም ይዘውብኝ ነው አለች በሆዷ።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ደወለችለት።

«አባትህ ሊያሳብዱኝ ነው። በዚህ ብርድ መስኮት ከፍተው ይውላሉ።»

«ሽማግሌ አይደል፣ ቻይው። ዕድሜውን ሙሉ ሜዳ ላይ የኖረ ሰው ነው፤ ግድግዳ ያፍነዋል።»

«ብርድ ቢመታቸውስ?»

«አባዬን?» ሳቀ። «ብርድ ራሱ ይፈራዋል።»

አንድ እሑድ ካውያ ትዕግሥቷ አለቀ። ብሎን መፍቻ አመጣችና የመስኮቱን እጀታ ነቅላ ኪሷ ከተተችው፤ ማሞቂያውንም እስከ ጥግ ከፈተችው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን ይዘው ወጥ ቤት ድረስ መጡ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ልጄ፣ እባክሽ እጀታውን መልሺልኝ።»

«ምክንያቱን ይንገሩኝና እመልሳለሁ።»

ካውያ ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ነበር የቆመችው፤ ሽማግሌው እሱን አዩት። «አየር ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ካውያ እጀታውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ይውሰዱት! ከፈለጉ በረዶ ይሁኑ! ከእንግዲህ እኔ የለሁበትም።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉና በሁለት እጃቸው አንስተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ቃሏን ጠበቀች። የበሩን ሥር በብርድ ልብስ ጥቅል ደፈነችው። ሾርባ ታስገባለች፣ አስቀምጣ ትወጣለች። ሲያስሉ ትሰማለች። «ሌላም ይደርቡበት» ትላለች ከበሩ ውጭ ሆና፤ «እሺ» ይላሉ ከውስጥ። ሁለቱ የተኳረፉ ባልና ሚስት ይመስሉ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሬዲዮው ብቻውን ያወራል። ብትጠራ መልስ የለም። በሩን ከፍታ ስትገባ ሽማግሌው በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይላል። እጃቸውን ብትነካው ብረት ነው። መስኮቱን ድርግም አድርጋ ዘጋች፣ ማሞቂያውን ከፈተች፣ ያለ የሌለ ልብስ ደራረበችባቸውና አምቡላንስ ጠራች። ከአምቡላንሱ የወረደችው ነርስ ሽማግሌውን ዳሰሰቻቸውና ቀና አለች። «ውጭ ነው እንዴ ያገኛችኋቸው?»

ሐኪም ቤት የሳንባ ምች ነው አሉ፤ ሁለቱንም ሳንባ ይዞታል። ካውያ ከአጠገባቸው አልተነሳችም። በማግሥቱ ከሰዓት ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አወቋት።

«ዘጋሽው?» አሉ።

«አዎ አባባ። ዘግቼዋለሁ። ማሞቂያውንም ከፍቼዋለሁ፤ ክፍልዎ ሞቋል። አይዞዎት፣ ሙቀት ነው የሚጠብቅዎት።»

ልታጽናናቸው ነበር። ፊታቸው ግን ክፍት የሆነ ቁስል እንደተነካ ሰው ጭምድድ አለ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጃቸው መኪናውን እያበረረ ሲደርስ አልፈው ነበር።

የሽማግሌው ትልቋ ልጅ ሥጋ ቤት አላት። ካውያ «እትዬ» ነው የምትላት። ከቀብሩ መልስ ሰዉ ቤቱን ሞልቶ እንደተቀመጠ፣ ታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤት ለአጠገቧ ሰው «በዚህ ብርድ መስኮታቸው ተከፍቶ ሲውል እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። እትዬ ሰማች። ተነስታ ቆመች።

«መስኮት ከፍታበት ነው የገደለችው!» አለች በሰው ሁሉ ፊት። «ማሞቂያ አጥፍታ! ሽማግሌ ስለሰለቻት አባቴን እንደ ሥጋ አቀዘቀዘችው!»

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም! ራሳቸው ነበሩ የሚከፍቱት…»

«ራሱ! ጤነኛ ሰው በውርጭ ራሱ ላይ መስኮት ይከፍታል?»

ሰዉ ወለል ወለሉን አየ። ካውያ ወደ ባሏ ዞረች። በስልክ ነግራዋለች፤ ያውቃል። እሱ ግን ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ አቀረቀረ።

ለቅሶ ደራሹ ሲመላለስ ሰነበተ፣ ከዚያም ቀረ። የሽማግሌውን ክፍል ደፍሮ የገባ አልነበረም። በሩ ተዘግቶ፣ ማሞቂያው ያን ዕለት እንደተከፈተ፣ ማጥፋት ለማንም ትዝ ሳይለው ሳምንታት አለፉ። ባልየው ፈቃድ ወስዶ እቤት ቢቀመጥም እንደ ተከራይ ነበር፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ አይናገርም።

እትዬ የአባቷን ዕቃ ልትወስድ እንደምትመጣ ላከችባቸውና ካውያ ክፍሉን ልታጸዳ ገባች። ሙቀቱ እንደ ላውንድሪ ቤቱ ፊቷን መታት። ነጩ መጋረጃ ላይ አቧራ የመሰለ ነገር አየች። ልታራግፈው ጨብጣ ቀረብ ስትል አቧራው ተንቀሳቀሰ።

ክር የሚያህሉ ነበሩ፤ በመቶ የሚቆጠሩ። እያንዳንዳቸው የፊት እጆቻቸውን አጥፈዋል። አንዱ የሌላውን ወገብ ይዞ ከጭንቅላቱ ጀምሮ ይበላዋል፤ ከበታቹ ደግሞ ሌላ እንዲሁ ይዟል። የመስኮቱ ደፍ ላይ የተበጣጠሰ እግርና ጭንቅላት የሌለው ገላ እንደ ፍርፋሪ ተነጥፏል። መጋረጃውን እስከ ጥጉ ስትገልጥ፣ እጥፋቱ ደብቆት የኖረ የሷ የስስ ልብስ ማጠቢያ መረብ በስፌት ክር ከዘንጉ ተንጠልጥሏል፤ ልክ መስኮቱ ሲከፈት ብርዱ በሚገባበት በኩል። ውስጡ ጭራሮዎቹ ናቸው። ከሥሩ በትንሽ ሰሃን ላይ የደረቀ ጨርቅ አለ።

ካውያ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ቆይታ ባሏን ጠራችው።

መረቡን፣ መጋረጃውን፣ ሰሃኑን ተራ በተራ አየ። «ለእነዚህ ብሎ ነው?» አለ። ሊስቅ የፈለገ መሰለ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነበር። ካውያ እስከዛሬ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። «ለምን አልነገረንም? ለምን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡልኝ አላለም?»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። መስኮቱን እሷ እንዳልከፈተች አሁን ተረጋግጧል።

«ብለውኝ ነበር» አለች። «እምቢ አልኳቸው። እጀታውን ስመልስላቸውም ‹በረዶ ይሁኑ› ብያቸዋለሁ።»

ባልየው ክፉ ቃል አልተናገረም። ጃኬቱን አንስቶ ወረደና መኪናው ውስጥ አደረ። በነጋታው ፈቃዱ ሳያልቅ ጭነት ይዞ ሄደ።

ካውያ መጋረጃው ላይ ያሉትን ልታድን ሞከረች። ጠርሙስ ውስጥ ለየብቻ ልትከት፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ አስቀምጣ ትንኝ ልታመጣላቸው። በዚያ ብርድ ትንኝ ከየት ይምጣ? ውጭ ብታወጣቸው ውርጭ ነው፤ ውስጥ ብትተዋቸው ይበላላሉ። በጥቂት ቀን አልቀው በመጥረጊያ ጠረገቻቸው። ከጭራሮዎቹ መካከል ግን ገና ያልተከፈቱ እንቁላል ቤቶች ነበሩ። ከነቅርንጫፋቸው በማርማላታ ጠርሙስ አድርጋ፣ ክዳኑን በምስማር በስታ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጋ፣ ሽማግሌው በነገሯት መሠረት ማቀዝቀዣው የታችኛው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

እትዬ ስትመጣ አልተቀመጠችም። ፍራሹንና ሬዲዮውን በር ላይ አስደረደረችና ውሃ ጠማት። ካውያ ስትነሳ «ተይው፣ እጅ አለኝ» ብላ ራሷ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ዓይኗ መሳቢያው ላይ አረፈ። ጠርሙሱን አውጥታ ዝቅ ከፍ አድርጋ አየችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ካውያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ መረቡ፣ ስለ መስኮቱ፣ ሽማግሌው ማቀዝቀዣ እንደጠየቋትና እምቢ እንዳለች። ስትጨርስ ስድቡን ጠበቀች። እትዬ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ የጠየቀው እኔን ነው» አለች።

«ምን?»

«በስልክ። ወፎቹ ቀደዱብኝ አለኝ። የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል አለሽ አይደል፣ ጥግ ላይ አስቀምጪልኝ አለኝ። ጤና ተቆጣጣሪ መጥቶ ፌንጣ ቢያገኝ ሱቄን ሊያሽግብኝ ነው ወይ ብዬ ሳቅኩበት። ሥጋ የሚጠብቅ ደንበኛ ነበረኝ። ዘጋሁበት።» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ክፍሉ እኮ ግማሹ ባዶ ነው። ሁልጊዜም ግማሹ ባዶ ነው።»

ካውያ እጇን ልትይዛት አስባ ተወችው።

«በሕይወት አሉ?» አለች እትዬ ጠርሙሱን እያየች።

«አላውቅም። ሙቀት ነክቷቸዋል።»

እትዬ ተነሳች። ውሃውን ሳትጠጣ ወጣች። በር ላይ ስትደርስ ዞራ ልትናገር ያሰበች መሰለች፤ ታችኛዋ ጎረቤት ደረጃው ላይ ነበረች። እትዬ ፍራሹን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወረደች። ያን ዕለት በሰው ፊት የተናገረችውን በሰው ፊት አላነሳችውም፤ ኋላም አላነሳችውም። በሠፈሩ እስከዛሬ ካውያ አማቷን በብርድ የገደለች ናት፤ አንዳንዶች ሰላም ይሏታል፣ አንዳንዶች መንገድ ይቀይራሉ።

ብርዱ አልፎ ዛፉ ሲያቆጠቁጥ ካውያ ጭራሮዎቹን ከሕንጻው ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ላይ አሰረቻቸው፤ ከመሬት ከፍ አድርጋ፣ ከቅጠሉ ሥር ደብቃ። አንዱ በመርፌ የተወጋ ያህል ተበስቶ ከውስጡ ጥቃቅን ተርቦች ወጡ፤ እናታቸው ቀድማ እንቁላሏን ጥላበት፣ እነሱ የፌንጣዋን እንቁላሎች ጨርሰዋቸው ኖሯል። ሌሎቹ ደርቀው ቀሩ። አንዱ ብቻ ተከፈተ፤ ከወጡትም ጉንዳን ደርሶ ብዙውን ወሰደ። የተረፉት ቅጠሉ ውስጥ ገቡና ጠፉ። ካውያ ለባሏ ደውላ ነገረችው። «እሺ» አለ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ። መጣ። እንደ ድሮው አልሆኑም፤ ግን መጣ፣ ከዚያም መምጣቱን አላቋረጠም።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ላውንድሪ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ትልቅ ጥቅል አገኘች። እትዬ ናት የላከችው፤ የሥጋ ቤቷን ነጫጭ ሽርጦች። ከሥጋ ቤቱ እዚያ እስኪደረስ ሌላ ሁለት ላውንድሪ ቤት ይታለፋል። መልእክት አልነበረውም። ታጥቦ ሲመጣ ካውያ እየዘረጋች ተኮሰችው። ደሙ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ ደረቱ ላይ ቢጫ ጥላ ቀርቷል። አጣጥፋ፣ በወረቀት ጠቅልላ ላከችላት። በሳምንቱ ሌላ ጥቅል መጣ።